አስተናግር፦ በደጃችን የበቀለ መርዝ

ጎንደር ውስጥ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለአብነት ተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የኔታዎች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ወደዚህ አዳራሽ ስገባ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ በፌስታል ይዤ ነው የመጣሁት። ለመፈለግ ሩቅ አልሄድሁም፤ ከበሩ ወጣ ብሎ ካለው የቆሻሻ መጣያ አጠገብ በቅሎ አገኘሁት። አሁን ከእጅ ወደ እጅ አሳልፉት፣ በደንብ እዩት፣ ግን ከፌስታሉ አታውጡት። ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ዳር ዳሩ የተሸረከተ። አበባው ነጭ፣ ረዘም ያለ፣ እንደ ጡሩምባ አፉን የከፈተ። ፍሬው ከዶሮ እንቁላል አነስ ይላል፤ ዙሪያውን እሾህ ለብሷል። ሲደርቅ አራት ቦታ ይሰነጠቅና ውስጡ የታጨቀው ጥቁር ዘር ይታያል። ክረምት ወጣ ሲል በየመንገዱ ዳር፣ በየበረቱ ጀርባ፣ ፍግ በተደፋበት ሁሉ ታገኙታላችሁ። ከአንገረብ ዳር እስከ አዘዞ፣ ከዚያም አልፎ ደምቢያ ድረስ የማይበቅልበት ቀበሌ አላየሁም።

«ስሙን የሚያውቅ አለ?» ብዬ ስጠይቅ ከኋላ አንዲት እናት «አስተናግር» አሉ። እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት አባት ደግሞ «ዕፀ ፋርስ» አሉን። ሁለቱም ልክ ናቸው። ዕፀ ፋርስ የሚለው ስም ወደ ምሥራቅ ያመለክታል፤ የዕፅዋት ሊቃውንት ግን ትውልዱን አሜሪካ ያደርጉታል። የድንች፣ የቲማቲምና የቃሪያ ዘመድ ነው። ስለ ትውልዱ ይህን ያህል ይበቃናል። እኔ ዛሬ ልይዘው የምፈልገው የመጀመሪያውን ስም ነው።

አስተናግር። ያስተናግራል፣ ያነጋግራል ማለት ነው። ከማን ጋር? ከሌለ ሰው ጋር። ይህን ስም ያወጡ ሰዎች ማይክሮስኮፕ አልነበራቸውም፣ ላቦራቶሪ አልነበራቸውም፤ የበላውን ሰው ግን አጠገቡ ቁጭ ብለው አይተውታል። እኔ በሕክምና ትምህርት ቤት በበርካታ ገጽ የተማርሁትን የበሽታ ምልክት እነሱ በአንድ ቃል ጨርሰውታል። ስሙን እንጠራዋለን፣ ትርጉሙን ግን ረስተነዋል። የረሳነው ነገር ምን እንደሚያስከፍል አንድ ምሽት ላይ አይቻለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፣ መስቀል ካለፈ በኋላ። ተረኛ ነበርሁ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ አንድ አባት የስድስት ዓመት ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ፣ እናቲቱ እያለቀሰች፣ ትልቁ ልጅ ከኋላ እየተከተለ ገቡ። ልጅቷ ታወራለች። ታለቅሳለች እንዳልል አታለቅስም፤ ዝም ብላ ታወራለች። በጣቶቿ ከጋቢው ላይ የሌለ ነገር ትለቅማለች፤ ጤፍ ከጠጠር እንደምትለይ ሴት አንድ በአንድ እያነሳች ወደ ጎን ታስቀምጣለች። አንዴ ቀና ብላ ወደ ግድግዳው እያየች «እማማ፣ ቡናው ገነፈለ» አለች። እናቲቱ እሪ አለች። ለካ እማማ የምትላቸው አያቷ ናቸው፣ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

እነዚህ ወላጆች ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት ጎረቤት «ለክፏታል» ብሏቸው እጅና እግሯን በነጠላ አስረው አቆይተዋታል። ከዚያ አንድ የሕክምና ተቋም ወስደዋት ማጅራት ገትር ይሆናል ተብሎ የሚያስተኛ መርፌ ተወግታለች፤ ብሷት እንጂ አልተሻላትም። ወላጆቹን አልወቅስም። ያቺን ልጅ ያየ ሰው ሌላ ምን ያስባል? የሞተ ሰው ስታናግር እያዩ!

ዓይኗን በባትሪ አየሁት። ብሌኑ ሰፍቶ ሰፍቶ ቡናማው ክፍል የቀጭን ቀለበት ያህል ብቻ ቀርቷል፤ ብርሃን ሲያርፍበት አይጠብም። ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቋል። ከውጭ የመጡት መጻሕፍት በዚህ ጊዜ «ፊት ይቀላል» ይላሉ። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱን በዓይን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ እጃችሁን ደረቷ ላይ ስታሳርፉት ግን እንደ ምጣድ ይፋጃል። እንዲህ የምታተኩስ ልጅ ብብቷ በላብ መራስ ነበረበት። ደረቅ ነው። የልብ ምቷ ለመቁጠር እስኪያስቸግር ይሮጣል። ከእምብርቷ በታች ያለው ደግሞ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ሽንቷ ሞልቶ አልወጣ ብሏል።

«ምን በልታ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። እናቲቱ ሽሮ ብቻ ነው አለች። ያኔ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው የዘጠኝ ዓመቱ ወንድሟ ቀስ ብሎ እጁን ኪሱ ከተተና ጨብጦ ያወጣውን ዘር አሳየኝ። «እቃቃ ስንጫወት ጥቁር አዝሙድ አድርገነው ነው። እሷ እውነት መስሏት በላችው» አለ። ያ ልጅ ባይናገር ኖሮ ምን እናደርግ እንደነበር እስካሁን አስባለሁ።

አሁን በሰውነታችን ውስጥ የሚሆነውን ላስረዳ። ነርቮቻችን ለዕጢዎች፣ ለልብ፣ ለአንጀት፣ ለፊኛና ለዓይን ትእዛዝ የሚያስተላልፉት በመልእክተኛ ነው፤ አንዱ መልእክተኛ አሴቲልኮሊን ይባላል። ምራቅ አውጣ፣ ላብ አውጣ፣ ብሌንን አጥብብ፣ የልብን ሩጫ ግታ፣ ሽንትን ልቀቅ የሚለው እሱ ነው። አስተናግር ውስጥ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ቅመሞች መልእክተኛው የሚያርፍበትን ወንበር ቀድመው ይይዙበታል። መልእክተኛው ይመጣል፣ መቀመጫ ያጣል፣ ይመለሳል። ስለዚህ አፍ ይደርቃል፣ ላብ ይቆማል፣ ላብ ሲቆም ሰውነት ይግላል፣ ብሌን ተከፍቶ ይቀራል፣ ልብ ያለ ልጓም ይሮጣል። ይኸው መልእክተኛ አንጎል ውስጥም ሥራ አለው፤ እዚያ ወንበሩን ሲነጠቅ ሰውየው በቁሙ ሕልም ያያል። የሚቃዥ ሰው ግን ከእንቅልፉ ስትቀሰቅሱት ይነቃል። ይህ አይነቃም። የሚያየውን እውነት ነው ብሎ ያምናል፣ ስለዚህ ገደል ሊገባ፣ ወንዝ ሊገባ፣ ከሰገነት ሊወርድ ይችላል። ብዙ ጊዜ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው።

ምልክቱ የሚጀምረው ከተበላ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ አንጀትን ራሱን ስለሚያቀዘቅዘው ግን ዘሩ ሆድ ውስጥ ቆይቶ መርዙን ቀስ በቀስ ይለቃል። አንድና ሁለት ቀን፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ የሚቆየው ለዚህ ነው።

ስለ መጠኑ ላንሳ። ሆስፒታል ውስጥ አትሮፒን በመድኃኒትነት አለን፤ የአንዱ አምፑል የተለመደ መጠን 1 ሚሊ ግራም ነው። 100 የአስተናግር ዘር ውስጥ ወደ 6 ሚሊ ግራም የሚጠጋ አትሮፒን አለ ይባላል። አንዱ እሾሃማ ፍሬ በመቶዎች የሚቆጠር ዘር ይይዛል። ለአዋቂ ሰው 10 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ለሕይወት እንደሚያሰጋ ይታሰባል፤ ለልጅ ከዚያ በጣም ያነሰው ይበቃል። አስቡት፤ አንድ ፍሬ የልጅ እጅ ውስጥ ይገባል። ደግሞ ቅጠሉም፣ አበባውም፣ ሥሩም መርዝ ነው። የአንዱ ተክል ጉልበት ከሌላው፣ የመስከረሙ ከኅዳሩ፣ የበረት ጀርባው ከጭንጫው ይለያያል። «አያቴ ሰባት ፍሬ ዘር ይሰጡ ነበር፣ ማንም አልሞተም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምመልሰው ይህን ነው፤ ሰባቱ ዘር ዘንድሮ እንደ አምናው አይደለም።

አሁን ከባዱን ነገር ላንሳ። የኔታዎች ፊት ስለምናገር በአክብሮት ነው የምናገረው። ጎንደር የሊቃውንት ከተማ ናት፤ በአታ ለማርያም የአቋቋም ማስመስከሪያ ሆና ስንት መሪጌታ አፍርታለች። በዚሁ በትምህርቱ ዓለም ዙሪያ ግን አብሾ የሚባል ነገር አለ። አእምሮ ይከፍታል፣ ትምህርት ያጸናል ተብሎ የሚጠጣ፣ የዕፀ ፋርስ ዘር የሚገባበት። ዛሬ መጠጥ ሲቀምስ የሚረብሸውን ሰው «አብሾ አለበት» የምንለው ከዚያ የመጣ አነጋገር ነው።

አጎቴ የቆሎ ተማሪ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር አብሾ ቀምሷል። እሱ ራሱ የሚያስታውሰው ጽዋውን እስካነሳበት ድረስ ያለውን ብቻ ነው። የቀረውን የነገሩት ጓደኞቹ ናቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ከቁልቋል አጥር ፊት ቆሞ፣ አጥሩን መምህሩ አድርጎ፣ ዜማ ሲያሰማ ዋለ። ውኃ አፉ ላይ ሲያደርጉለት መዋጥ አቃተው። የኔታ ሲሰሙ አዘኑ፣ ተቆጡም፤ ዘሩን ያመጣውን ልጅ ከጉባኤው አስወጡት። አጎቴ ጥሩ የቅኔ አዋቂ ሆኗል። «ታዲያ አእምሮህን ያ ነው የከፈተው?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። «ኧረ ልጄ! የኔን አእምሮ የከፈተው ሌሊት ሌሊት እየተነሣሁ መቀጸሌ ነው» አለኝ።

ሳይንሱም አጎቴን ይደግፈዋል። የዓለም ተመራማሪዎች የመርሳት በሽታ መድኃኒት ሲፈልጉ በመጀመሪያ የመርሳት ችግር ያለባት አይጥ ያስፈልጋቸዋል። ጤነኛዋን አይጥ እንዴት ያስረሷታል? ስኮፖላሚን ይወጓታል። ያኔ የተማረችውን መንገድ ትስታለች፣ አዲስ ነገርም አይያዝላትም። አስተናግር ውስጥ ያለው ያው ስኮፖላሚን ነው። በዓለም ሁሉ ላቦራቶሪ ትዝታን ለማጥፋት የሚወጋውን መርዝ ነው እንግዲህ እኛ ትዝታ ያጸናል ብለን ለልጅ የምንሰጠው።

እ.ኤ.አ. በ1676 በአሜሪካ ጄምስታውን በሚባል ቦታ የእንግሊዝ ወታደሮች ይህንኑ ቅጠል ጎመን መስሏቸው ቀቅለው በሉ። 11 ቀን ሙሉ እንደ ሕፃን ሆነው ሰነበቱ፤ ራሳቸውን እንዳይጎዱ ተዘግቶባቸው ነበር። ሲነቁ ከሆነው ሁሉ አንድም አያስታውሱም። ቀቅለው እንደበሉት ልብ በሉ። እሳት አያድናችሁም። ለጋ ሲሆን ቅጠሉ ከጎመን ጋር የሚምታታበት ጊዜ አለና ከሜዳ ጎመን የምትለቅሙ እናቶች ልጅ ልካችሁ አታስለቅሙ።

የጥርስ ሕመም ላይ ዘሩን ፍም ላይ አድርገው ጢሱን አፍ ውስጥ የሚያስገቡም አሉ፣ ትሉን ያወጣል ብለው። ጥርስን የሚያበሰብሰው ትል አይደለም። ጢሱ ግን ሳንባ ይገባል፣ ከሳንባም ደም ውስጥ ይገባል። ፈረንጆቹም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለአስም ሲጋራ አድርገው ያጨሱት ነበር፤ የትንፋሽ ቧንቧ ስለሚከፍት ለጊዜው ያቀልላል። መጠኑን ለመቆጣጠር ግን ያስቸግር ነበር፤ የተሻለ መድኃኒት ሲመጣም ተዉት። ዛሬ አስም ያለበት ሰው በሚነፋው መድኃኒት ውስጥ ከዚሁ ቤተሰብ የተሠራ፣ ተመጥኖ፣ አንጎል እንዳይደርስ ተደርጎ የተዘጋጀ ቅመም አለ። የሆድ ቁርጠት ሲያጣድፋችሁ ፋርማሲ የምትገዙት ሀዮሲንም የዚሁ ዘመድ ነው።

ገበሬ ቤት አንድ ሌላ ኑሮ አለውና እሱንም ልናገር፣ በጣም ስለሚያሳስበኝ። አስተናግር ማሽላና በቆሎ መካከል ይበቅላል፣ አብሮ ይታጨዳል፣ አብሮ ይወቃል። በ2019 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ውስጥ በካራሞጃ፣ ለእርዳታ የተከፋፈለ የገንፎ ዱቄት የበሉ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ታመሙ፣ 5 ሞቱ። ሲመረመር ዱቄቱ ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን ተገኘ፤ የእነዚህ አረሞች ዘር ገብቶበት ኖሯል። የዓለም አቀፍ የእህል ደረጃም ማሽላና በቆሎ ከዚህ ዘር የጸዱ እንዲሆኑ የሚያዘው ለዚህ ነው። እናቶቻችን ከወፍጮ በፊት እህል በሰፌድ አንፍሰው፣ በወንፊት ነፍተው፣ ቁጭ ብለው የሚለቅሙት ልቅም ይኸን ያህል ዋጋ አለው። ዛሬ የተፈጨ ዱቄት በከረጢት ስንገዛ ያን ልቅም ማን ይሠራልን? ነጋዴውም፣ ወፍጮ ቤቱም ይህን ዘር በዓይኑ ሊያውቀው ይገባል፦ ጠፍጣፋ፣ ኩላሊት የመሰለ፣ ጥቁር ወይም ጠይም፣ ከጥቁር አዝሙድ ትንሽ ተለቅ የሚል።

እንዲህ ዓይነት ሰው ቤታችሁ ቢያጋጥም ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ ዓይኑን እዩ፣ አፉን እዩ፣ ብብቱን ዳስሱ። ብሌኑ ሰፍቶ፣ አፉ ደርቆ፣ ያለ ላብ እየተቃጠለ የሚለፈልፍ ሰው ሲያጋጥማችሁ አስተናግርን ጠርጥሩ። እንዲያስታውክ ጣት አትክተቱበት። ወተትም፣ አረቄም፣ ውኃም በግድ አትጋቱት፤ መዋጥ ስለማይችል ወደ ሳንባው ይገባል። አትሰሩት፤ የታሰረ ሰው ሲታገል ሙቀቱ የበለጠ ይጨምራል። ልብሱን አቅልሉለት፣ እርጥብ ጨርቅ ደረቱና ግንባሩ ላይ አድርጉ፣ የሚያውቀው ሰው በለሆሳስ እያናገረው አጠገቡ ይሁን። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል። የበላውን ዘር ወይም ቅጠል በፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የበላበትን ሰዓትም ንገሩን። ጠበል አትሂዱ አላልኩም፣ እኔም እሄዳለሁ። ዓይኑ የሰፋውን ልጅ ግን መጀመሪያ ወደ እኛ አምጡልን፤ ሲሻለው አብረን እንሄዳለን።

እዚህ ለተቀመጣችሁ የሙያ ጓዶቼም አንድ ቃል አለኝ። የሚያስቸግርን ታካሚ ለማስተኛት ክሎርፕሮማዚን ማንሳት ልማድ ሆኖብናል። ያ መድኃኒት ራሱ የአሴቲልኮሊንን ወንበር የሚሻማ ነው፣ እሳት ላይ ጭድ መጨመር ይሆናል። ዳያዜፓም ይሻላል። ሽንቱን በቱቦ አውጡለት፤ ግማሹ መቁነጥነጥ ከተወጠረው ፊኛ የሚመጣ ነው። ፀረ ተባይ የጠጣን ሰው አትሮፒን ስንሰጥ በተቃራኒው እንደምናይ አስታውሱ፤ እዚያ ለሃጭ ይዝረበረባል፣ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠብባል፣ ላብ ይጎርፋል። እዚያ የሚያድነው መድኃኒት እዚህ መርዙ ነው። ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አሰልጥና ወደ ገጠር ስትልክ የኖረች ከተማ ናት፤ ይህን አንድ ተክል አለማወቅ አያምርብንም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ቱቦ ሲገባላት ሽንቷ ወጣ፣ በእርጥብ ጨርቅ ስናቀዘቅዛት አደርን። ንጋት ላይ ጣቶቿ መልቀም አቆሙ። በሦስተኛው ቀን ቁጭ ብላ «ርቦኛል» አለች። ስለ አያቷም፣ ስለ ቡናውም፣ ስለ እቃቃውም ምንም አታስታውስም። ቤቷ እንዳለች ነበር የመሰላት፤ ወንድሟን «መቼ መጣህ?» አለችው።

በሳምንቱ እናቲቱ ብቻዋን ተመልሳ መጣች፣ ደንግጣለች። አንዱ ዓይኗ ደብዝዞባታል፤ ሳየው ብሌኑ ሰፍቷል፣ ሌላኛው ደህና ነው። «ዶክተር፣ እኔም ልጀምር ነው መሰለኝ» አለች። «ምን ነክተሽ ነበር?» አልኳት። ከቤት እንደገባች በንዴት የደጇን አስተናግር ሁሉ በባዶ እጇ ነቅላ ጥላዋለች፤ ላቧን ስትጠርግ ጭማቂው ዓይኗ ገብቷል። በጥቂት ቀን ይመለሳል አልኳት፣ ተመለሰም። ለእናንተም የምለው ያኔ ለእሷ ያልኩትን ነው፦ እጃችሁ ላይ ፌስታል አጥልቁ፣ ፍሬ ሳይይዝ ንቀሉት፣ ምድጃ ውስጥ አታንድዱት፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፤ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ዘሩ አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ንቀሉት።

ባለፈው ሐምሌ በሰፈሯ ሳልፍ አየኋት። ሁለት ጎረቤቶቿን አስከትላ፣ ሦስቱም እጃቸው ላይ ፌስታል አጥልቀው፣ ከበረቱ ጀርባ ጎንበስ ብለው ይነቅላሉ። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆማ «ያውና! አንዱን ዘለልሽው» እያለች በጣቷ ታሳያቸዋለች።